ያልሁት «ወገቤ» ነው

ባሕር ዳር መጥታችሁ፣ በእኛ ሰፈር በትሕትናው የታወቀ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ እኔ ቤት ይመሯችኋል። ይህን ስም ያወጡልኝን ሰዎች እግዜር ይይላቸው! ትሑት አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። እናቴ ራሷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይህ ልጅ አንገቱ አይታጠፍም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። የሆነው ሌላ ነው። ወገቤን ነው ያመመኝ። ይህን ቀላል ነገር ለአንድ ሰው እንኳ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው ዛሬ ወደ እናንተ የመጣሁት፤ እናንተ ቢያንስ መሐል ገብታችሁ አታቋርጡኝም።

ነገሩ የጀመረው ከእድር ድንኳን ነው። ኅዳር ውስጥ ሰፈራችን ለቅሶ ነበር፤ ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ወጣቶቹ ተሰብስበው እንዴት እንደሚያነሡት ይመካከራሉ። እኔ ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቼ የምውል፣ ከራሴ ቦርሳ የከበደ ነገር ካነሣሁ ዘመን የሆነኝ የኮሌጅ ሠራተኛ፣ «እስቲ ዞር በሉ!» አልሁ። ለምን እንዳልሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን ይዤ ወደ ላይ ሳብ ሳደርገው፣ ከወገቤ ላይ የሆነ ነገር «ቀጭ» አለ። ድንኳኑ ንቅንቅ አላለም። ወጣቶቹ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ድንኳኑን ተሸክመው ሄዱ፤ እኔ ማንም ሳያየኝ እንደ ምንም ተንፏቅቄ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍሁ።

ልክ በዚህች ሰዓት ጋሼ ሞላ ወደ ለቅሶው ግቢ ገቡ።

ጋሼ ሞላን ላስተዋውቃችሁ። ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ከዘንጋቸው የማይለዩ፣ እድሩን ሲመሩ የኖሩ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ከበድ ይላል፤ አልሰማሁም ማለትን ግን አያውቁበትም። የሰሙትን ግማሽ ይይዙና የቀረውን ከራሳቸው ይሞሉታል። አንድ ጊዜ በስብሰባ መሐል አንዱ «ዝናብ መጣ» ቢል፣ «ዘነበ ከመጣ ምን ያስቆመዋል? ግባ በሉት እንጂ!» ብለው፣ ዘነበ የሚባል ሰው እስኪገባ ድረስ ስብሰባው ቆሞ ጠበቀ። ጆሯቸው የሚያመልጠውን ግን ዓይናቸው አይስተውም። በተለይ ማን ብድግ እንዳለላቸውና ማን እንዳላለላቸው ይመዘግባሉ።

ሰው ሁሉ «ኖር! ኖር!» እያለ ተነሣ። እሳቸውም «በእግዜር! በእግዜር!» እያሉ በመደዳው አለፉ። እኔም ልነሣ ሞከርሁ። ወገቤ «ወዴት?» አለኝ። እንደገና ሞከርሁ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ እንጂ መቀመጫዬ ከወንበሩ አልለቀቀም። ጋሼ ሞላ እፊቴ ሲደርሱ «በእግዜር» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ተቀምጫለሁ። አፋቸውን መልሰው ዘጉና አለፉኝ።

ታዲያ ይህ ምን ያስጨንቃል ትሉ ይሆናል። ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል የጋሼ ሞላን ልጅ ፍሬሕይወትን ሊያገባ ነው። ከተዋደዱ ቆይተዋል። እናትና አባታችን በሕይወት ስለሌሉ፣ በዚህ ጉዳይ አባቱም እናቱም እኔ ነኝ። ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ በጥር እንዲያልቅ፣ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ያ ሁሉ ዘመን እያለ፣ እኔ ሽማግሌ ሊላክ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለልጅቷ አባት ሳልነሣ ቀረሁ!

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። የሚመሯቸው መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸው ለምነው ያልተሳካበት ደጅ የለም ይባላል። በዚያ ቀን ግን ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

«‘ታላቅ ወንድሙ ሊነሣልኝ ላልወደደ ልጅ ምን ብዬ ነው ልጄን የምሰጠው?’ አሉ» አሉኝ፣ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ።

«መሪጌታ፣ ወገቤን አሞኝ እኮ ነው! አልነገሯቸውም?»

«ኧረ ነግሬያቸዋለሁ። ጆሯቸው ሥር ሆኜ ጮኼ ነው የነገርኋቸው። ‘ወገቡን የሚያመው እኔ ስገባ ነው?’ አሉኝ። ምን ልበላቸው? ደግሞ ከወረታ የሩዝ ወፍጮ ያለው ሰው ለልጁ እያስጠየቀ ነው አሉ። ራስህ መጥተህ ይቅርታ ካልጠየቅህ ነገሩ አይሆንም።»

ይበልጣል የሩዝ ወፍጮውን ሲሰማ እራቱን ትቶ ወጣ።

እስቲ ፍረዱኝ። እግሩ የተሰበረ ሰው ጀሶ አለው፤ ያየው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥለታል። ጥርሱን ያመመው ጉንጩ ያብጣል። ጉንፋን እንኳ ያስነጥሳል። የወገብ ሕመም ግን ምስክር የለውም! ከውጭ ለሚያየኝ ጤነኛ ነኝ፤ እንዲያውም ጉንጬ ሞላ ያለ ነው። «የታመመ ሰው ይከሳል እንጂ እንዴት ይወፍራል?» ያለኝ ጎረቤት አለ። ስሙን አልናገርም እንጂ እሱ ራሱ በሪህ ሲሠቃይ አንድ ቀን እንኳ አልከሳም።

መካሪው ደግሞ! ያገኘኝ ሁሉ «ኩላሊት ነው» ይለኛል። በእኛ አገር ከጎድን በታች፣ ከመቀመጫ በላይ ያለው ሁሉ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ያላለው «ብርድ ነው» አለ። በባሕር ዳር! ሰው ጥላ ሥር ቆሞ በሚያልብበት ከተማ! ባለቤቴ ትርንጎ ከብርድ ወገን ሆነች። መስኮቱን ሁሉ ዘግታ፣ በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልላ አስተኛችኝ። አክስቷ ደግሞ ወጌሻ አመጡ፤ ሰውየው ያልሠራሁትን ኃጢአት ሁሉ ላምን እስክቃረብ ድረስ አሸኝ። ጧት ላይ ወገቤን ብቻ ነበር ያመመኝ፤ እሱ ሲሄድ የማያመኝ ጆሮዬ ብቻ ነበር።

«ወንዛዬ ፍል ውሃ ይሂድ» ተባለ። ሄድሁ። በፍል ውሃው ላይ ክፉ ቃል አይወጣኝም፤ ስገባበት ወገቤ እንደ ቅቤ ቀለጠልኝ፣ «ኧረ እዚሁ በኖርሁ» አልሁ። ግን ከዚያ ወደ ቤት መመለስ አለ። ፍል ውሃው የጠገነውን ሁሉ መንገዱ አንድ ባንድ እየነቀለ፣ ማታ ከመኪና ሲያወርዱኝ ከሄድሁበት ብሼ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልጋ ላይ ዋልሁ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ደግሞ ጠያቂ አያጣም። ጠያቂዎቼ እግዜር ይስጣቸው፣ ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፤ ግን ወንበር ሞልቶ እያለ የሚቀመጡት አልጋዬ ጫፍ ላይ ነው። አንዱ በተቀመጠ ቁጥር ፍራሹ ይሰረጉዳል፤ ፍራሹ ሲሰረጉድ እኔ ወደሱ እንከባለላለሁ፤ ስንከባለል «ኡ!» እላለሁ። «አይዞህ፣ አይዞህ» ይለኝና ይበልጥ ይጠጋኛል።

በመጨረሻ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪሙ እግሬን አንሥቶ አወረደ፣ ጉልበቴን በመዶሻ ቢጤ መታ መታ አደረገና «ፊዚዮቴራፒ ይሂዱ» አለኝ።

«ራጅስ?»

«አያስፈልግዎትም።»

እንዴት አያስፈልገኝም! ራጁን የፈለግሁት ለጋሼ ሞላ ላሳያቸው ነው! ይኸው አጥንቴ፣ ይኸው ቀጭ ያለበት ቦታ ብዬ እፊታቸው ልዘረጋው። ሐኪሙ ይህን ሳልጨርስለት ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ውስጥ መቅደስ የምትባል ባለሙያ ተቀበለችኝ። ዕድሜዋ የይበልጣልን ያህል ይሆናል፤ አነጋገሯ ግን የእናቴ ነው። ገና ሳልቀመጥ ጠየቀችኝ፦

«ሽንትዎን መቆጣጠር ያቅትዎታል?»

«ምን?»

«ሽንት። ወይም ሰገራ። እግርዎ ይደነዝዛል? ይዝላል? መቀመጫዎ አካባቢ ስሜት አጥተዋል? ትኩሳት አለ?»

«እኔ የመጣሁት በወገቤ ነው!»

«እኮ። ከነዚህ አንዱ ቢኖር ሮጠው ወደ ሐኪሙ እንዲመለሱ አደርግዎ ነበር። ከሌለ ጥሩ ነው። የእርስዎ ጡንቻ ነው የተቆጣው።»

ጡንቻዬ ተቆጣ! እኔ ይህን ያህል ጊዜ ስቆጣ ማንም አልሰማኝም፣ ጡንቻዬ ሲቆጣ ግን ባለሙያ ተመድቦለታል።

«ለመሆኑ ምን ሲያደርጉ ሰነበቱ?»

«ተኝቼ ነዋ» አልሁ በኩራት። «ከአልጋዬ ንቅንቅ አላልሁም።»

«ለዚያ ነዋ ያልተሻለዎት!»

ታሞ በመተኛቱ የተገሠጸ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን እዩኝ! «ወገብ ሸንበቆ አይደለም ጋሼ፣ እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም» አለችኝ። «አመመኝ ማለት ሁሉ ተጎዳሁ ማለት አይደለም። እርስዎ ፈሩት፤ ሲፈሩት አላንቀሳቀሱትም፤ ሳያንቀሳቅሱት ሲቀሩ ደረቀ። አሁን ቀስ እያልን እናላምደዋለን።»

«መርፌ የለም?»

«የለም።»

«ያ ማሽንስ?» ጥግ ላይ ሽቦው የተንዠረገገ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ አንድ የሚያምር ማሽን ቆሟል።

«እሱ ለእርስዎ አይደለም። ለእርስዎ እግርዎ ይበቃል።»

ከዚያ በዚህ ዕድሜዬ ጎንበስ ማለት አስተማረችኝ። እስክሪብቶዋን መሬት ላይ ጣለችና «ያንሡልኝ» አለች። ጎንበስ ስል «ኧረ እንደሱ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «ከወገብ አይደለም፣ ከዳሌና ከጉልበት! ዶሮ እንቁላሏ ላይ ስትቀመጥ አይተው አያውቁም? መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ጉልበት ሸብረክ፣ ጀርባ ቀጥ!» እስክሪብቶዋን እየጣለች፣ እኔ እንደ ዶሮ እየሆንሁ እያነሣሁ፣ ረፋዱ አለፈ። ስወጣም «በየቀኑ ሐይቁ ዳር ሳያቋርጡ ይራመዱ። አንድ ቦታ ቀጥ ብለው አይቁሙ፤ መቆም ካለብዎት እንኳ እግር ይቀያይሩ» ብላ አሰናበተችኝ።

ሳያቋርጡ! ይህች ልጅ በዚህች ከተማ ተራምዳ ታውቃለች? ሐይቁ ዳር ጧት ጧት የማላውቀው ሰው አይመጣም። ከዛፉ ጥላ ሳልወጣ አንዱ ያገኘኛል። «እንዴት አደርህ? ልጆች ደህና? ሥራ ደህና? ትርንጎ ደህና ናት?» እመልሳለሁ። እጠይቃለሁ። «ወገብህስ?» ይለኝና ስለ ኩላሊት ይጀምራል። እሱን ሳሰናብት ሌላው ይደርሳል። በባሕር ዳር ሳያቋርጥ የሚራመድ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ሰርቆ የሚሸሽ። በመጨረሻ ስልክ የማናግር መስዬ፣ ጆሮዬ ላይ ባዶ ስልክ ለጥፌ «እሺ፣ እሺ» እያልሁ ስራመድ፣ «በሽተኛ ነኝ ይላል፣ ሐይቁ ዳር በስልክ ጉዳይ ይጨርሳል» የሚል ወሬ ጋሼ ሞላ ዘንድ ደረሰ። እንዲህ ያለውን እንዴት እንደሚሰሙት እንጃ!

ግን ልዋሽ አልችልም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ቀለል እያለኝ መጣ። ቤት ውስጥ የሚሠራውንም ሰጥታኝ ነበር። በጀርባዬ ተኝቼ ዳሌዬን ከምንጣፉ አነሣለሁ፤ ቀጥሎ በእጄና በጉልበቴ ቆሜ ጀርባዬን እንደ ድመት ሽቅብ እነፋለሁ፣ መልሼ ወደ ታች እለቃለሁ። መሪጌታ በሩን ገፋ አድርገው የገቡት ይህችን ድመት ስሆን ነው።

«በስመ አብ ወወልድ!» አሉና ወደ ኋላ ተመለሱ። «ትርንጎ! ትርንጎ! ይህ ነገር ከጀመረው ቆየ?»

«ሐኪም አዞት ነው፣ መሪጌታ» አለች ትርንጎ ከጓዳ።

«ሐኪም ነው ያዘዘው? ጠበል ውሰጂው ልጄ፣ አትዘናጊ።» ከዚያ ከበላዬ ሆነው፣ እኔ በአራት እግሬ እንደ ቆምሁ፣ የመጡበትን ነገሩኝ። ነገ ጧት እንሄዳለን። ጋሼ ሞላ ለመጨረሻ ጊዜ ሊሰሙን ፈቅደዋል። ይህ ካልሆነ ቃላቸውን ለወረታው ሰው ይሰጣሉ።

በማግስቱ ሄድን። እንግዲህ የሽማግሌ ወግ ታውቃላችሁ። የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» ይላል፤ ሽማግሌ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላል። ይቆማል። ቀጥ ብሎ። ጸጥ ብሎ። መቅደስ አታድርግ ያለችኝን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቦ ወግ ያደረገው ማን እንደሆነ ባውቅ!

«ተቀመጡ» አሉ ጋሼ ሞላ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ።

ጋሼ ሞላም አልቸኮሉም። ከአያታቸው ጀመሩ። አያታቸው ማን ዘንድ ሲገቡ ማን ይነሣላቸው እንደነበር ተናገሩ፤ ወደ አባታቸው ወረዱ። ወገቤ መጠዝጠዝ ጀመረ። እንደታዘዝሁት እግር ቀየርሁ። ግራ፤ ቀኝ፤ ግራ።

«ምን ያቁነጠንጥሃል?» አሉኝ። «ቸኩለሃል?»

«ኧረ አልቸኮልሁም፣ ጋሼ ሞላ።»

«ወይስ ዛሬም እኔ ስገባ ወገብህን አመመህ?»

ሽማግሌዎቹ ሳል ሳል አሉ። ደሜ ፈላ። ሰው ታሞ ይሾፍበታል? ይህን ሁሉ ቀን እንደ ዶሮ ስጎነበስ፣ እንደ ድመት ስነፋ የሰነበትሁት ለማን ነው? ልመልስላቸው አፌን ስከፍት በመጋረጃው ስንጥቅ የፍሬሕይወትን ዓይን አየሁ። ይበልጣል ደግሞ፣ አውቃለሁ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጥፍሩን እየበላ ነው። ቃሌን ዋጥሁት። «እጅ ንሣኝ ነው የሚሉት? ይኸው!» ብዬ በንዴት እጥፍ ብዬ እጅ ነሣሁ። ከዳሌም አይደለ፣ ከጉልበትም አይደለ። ከወገብ!

«ቀጭ።»

እዚያው ቀረሁ። ዓይኔ የሚያየው የጋሼ ሞላን ጫማና የዘንጋቸውን ጫፍ ብቻ ነው።

«እሺ፣ በቃ» አሉ ጋሼ ሞላ ትንሽ ቆይተው። አልተነሣሁም።

«ይበቃል አልሁ እኮ። ቀና በል።» አልተነሣሁም።

«ቀና በል ልጄ!» ድምፃቸው ተለወጠ። «ኧረ ምን ጉድ ነው፣ ሰው እንዲህ ይዋረዳል እንዴ?»

«ካልማሩት አይነሣም!» አሉ መሪጌታ፣ አጋጣሚ የማያሳልፉ ሰው ናቸው።

እኔ ጥርሴን ነክሼ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ እንደ ምንም አንዲት ቃል አወጣሁ። «ወገቤ…!»

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ ሞላ፤ የዘንጋቸው ጫፍ ወደ እኔ ቀረበ።

«ወገቤ!»

ከዚያ ዘንጋቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ወገኔ!» አሉ። «ወገኔ አለኝ! ሰማችሁ? እኔ ደጄ አቁሜ ስዘልፈው፣ እሱ ወገኔ ይለኛል!»

መሪጌታ ጆሯቸው የጠራ ነው። ቤተ መቅደስ ውስጥ የሳተውን ዲያቆን ከቅኔ ማሕሌት ሆነው የሚያርሙ ሰው ናቸው። ያልሁትን በደንብ ሰምተዋል። «አዎን» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ወገኔ ነው ያለ።»

«ወገቤ ነው! ወገቤ ነው ያልሁት!»

«ደገመው!» አሉ ጋሼ ሞላ፤ አንድ ጠብታ እንባም ጫማቸው ላይ ወደቀ።

ፍሬሕይወት ወንበር ይዛ ሮጣ መጣች። ልታስቀምጠኝ ስትጠጋኝ በጆሮዬ «ጋሼ፣ ወገብዎን ነው አይደል?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «በእናትዎ ዝም ይበሉ!» አለች። ዓይኗን አየሁና ዝም አልሁ። በሕይወቴ እንዲህ እያረርሁ ዝም ያልሁበት ቀን የለም። ጋሼ ሞላ «ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጡ» ሲሉ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተቀመጡ። እኔን ሁለት ሰው አጥፎ አስቀመጠኝ።

ከዚያማ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ጎበዝ ሽማግሌ ተብዬ፣ ከማላውቀው ሰፈር ሳይቀር «እባክህ ና አንድ ጊዜ ጎንበስ በልልን» የሚሉኝ መጡ። መቅደስ ዘንድ ስመለስ ስገባ አይታኝ ብቻ «ከወገብ ጎነበሱ አይደል?» አለች። ታሪኩን ብነግራት ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ እስክሪብቶዋን መሬት ላይ ጣለች። ከመጀመሪያው ጀመርን።

ጥር ሲደርስ ግን ድኜ ነበር። እመኑኝ፣ ሐይቁ ዳር ስሄድ እንደ ልጅነቴ ነበር የምራመደው። የሠርጉ ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሙሽሮቹ ተቀምጠው፣ ጋሼ ሞላ ከክብር ቦታቸው ተነሥተው «ወገኔ! ና እስቲ!» ብለው ጠሩኝ። ገባኝ፤ ያቺን እጅ መንሣት በእንግዳ ፊት ሊያዩዋት ፈልገዋል። ሄድሁ። ጉልበቴን ሸብረክ፣ ዳሌዬን ወደ ኋላ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ እጅ ነሣሁና ቀና አልሁ። መቅደስ ብታየኝ ታጨበጭብልኝ ነበር።

ጋሼ ሞላ ፊታቸው ጠቆረ። «ያን ዕለትስ እንዲህ ቶሎ አልተነሣህም» አሉ።

ተመልከቱ እንግዲህ! ስታመም ጥፋተኛ፣ ስድንም ጥፋተኛ! ይበልጣል ከሙሽራ ወንበሩ በዓይኑ ለመነኝ። እንደገና ጎንበስ አልሁ፤ ጎንበስ እንዳልሁም ቆየሁ። እንግዳው ተደነቀ፣ ሴቶች «እሰይ» አሉ። ጋሼ ሞላም ልባቸው ተነካና በትሕትና እንዳልበልጣቸው ብለው፣ ሊያነሡኝ ራሳቸው ጎንበስ አሉ። እንዴት እንደሆነ ከሥር ሆኜ አየሁ፤ ጉልበታቸው ቀጥ እንዳለ፣ ከወገብ ነው። «ተው ጋሼ ሞላ!» ልል ስል ያን ድምፅ ሰማሁት። እኔ የማውቀው ድምፅ ነው።

«ወገቤ!» አሉ ጋሼ ሞላ።

«ወገኔ አሉት!» ብለው መሪጌታ ጮኹ። ባለ ማይክሮፎኑ ተቀበለና «ወገኔ ተባባሉ! ጭብጨባ!» አለ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። እኔና ጋሼ ሞላ ግንባር ለግንባር ተጋጥመን፣ እንደ ተጎነበስን ቀረን። ዓይናቸው ፈጧል፤ ላባቸው አፍንጫዬ ላይ ይንጠባጠባል።

«አይፍሩ፣ ጋሼ ሞላ» አልኋቸው በጆሯቸው። «ወገብ ሸንበቆ አይደለም። ይተንፍሱ። ጉልበትዎን ሸብረክ ያድርጉት። እኔን ይደገፉ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኋቸውን ሁሉ ሰሙኝ። ተቃቅፈን ቀስ እያልን ቀና ስንል እልልታው እንደገና ቀለጠ።

በማግስቱ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ ሊነሡ ሞከሩ፤ መቀመጫቸው ከወንበሩ አልለቀቀም። የወንበሩን ክንድ ይዘው እንደገና ሞከሩ። ፊታቸው ተኮማተረ።

«ኖር» አሉ እንደ ተቀመጡ። «ልነሣልህ ነበር። ወገቤን አሞኝ ነው።»

ከኅዳር ጀምሮ ይህችን ሰዓት ነው የጠበቅሁት። አልጋ ላይ ሆኜ ለምጃታለሁ፣ ሐይቁ ዳር በባዶ ስልክ ለምጃታለሁ። በሩ ላይ ቆምሁ፤ ወገቤን ቀጥ አደረግሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ የራሳቸውን ለራሳቸው መለስሁላቸው።

«ወገብዎን የሚያምዎት እኔ ስገባ ነው?»

ጋሼ ሞላ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ። ፊታቸው በራ።

«ወገኔማ ነህ እንጂ!» አሉ። «ታዲያ ምን ያስቆምሃል? ግባ!»

ገባሁ። ትራስ አምጥቼ ከጀርባቸው ደገፍ አደረግሁላቸው። ጎንበስ ያልሁት ግን ከጉልበቴ ነው።